የወይዘሮ ዳልቻ ልጅ

የቢቸናዋ ይርጋነሽ ልጅ ወይንእሸት ገና በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ የሰጧትን ሁሉ አገላብጣ ሳታይ አፏ ውስጥ የማትከት ልጅ ነበረች። ዳቦ ሲሰጧት ከሥሩ ታያለች። ከረሜላ ሲሰጧት ሰጪውን ታያለች። አንድ ጊዜ የክርስትና እናቷ ለፋሲካ ቀሚስ ገዝታ ብትመጣ፣ ይቺ የአራት ዓመት ልጅ ቀና ብላ «ለምን?» አለቻት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ባገኘችው ሰው ፊት ታወራዋለች። ይርጋነሽ «እኔን አልመሰለችም፣ አባቷን ነው» ትላለች። ውሸቷን ነው። ይርጋነሽ ራሷ ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲገባ ስንት ፍም ይዞ እንደወጣ የምታውቅ ሴት ናት።

እንዲህ ያለችው ልጅ ተምራ ተምራ በኮምፒውተር ዲግሪዋን ያዘች፤ ከዚያ ሞጣ አንድ የግል ኮሌጅ ተቀጠረች። ሥራሽ ምንድን ነው ስትባል ስንት ጊዜ አስረድታ፣ በመጨረሻ ይርጋነሽ የገባት እንዲህ ነው። ኮሌጁ ትምህርቱን በኮምፒውተርና በስልክ የሚሰጥበት አንድ ቤት አለው፤ «ኦንላይን ሲስተም» ይሉታል። መምህሩ ትምህርቱን እዚያ ያስቀምጣል፤ ተማሪው ጉንደ ወይን ይሁን የጁቤ፣ ኔትወርክ ካገኘ ከስልኩ ያነባል፣ ይፈተናል። መምህራኑ ታዲያ አርፈው አይቀመጡም። አንዱ ጥያቄ የሚያወጣ፣ አንዱ ሥዕል የሚያሳይ፣ አንዱ የተማሪ ጽሑፍ የሚያርም፣ ብቻ የውጭ ሰው የሠራውን ፕሮግራም ሁሉ እያመጡ «ይሄም ይለጠፍበት» ይላሉ። ወይንእሸት በሩ ላይ ተቀምጣ የመጣውን ትመረምራለች። እሷ ካልፈረመች አይገባም።

«እንግዲያውማ ዘበኛ ነሽ» አለቻት እናቷ።

«ዘበኛስ ሰው ነው የሚፈትሽ፣ እማ። እኔ የምፈትሸው ሙሽራ ነው።»

እውነቷን ነው። ኮሌጁ የሰጣት የመመርመሪያ ወረቀት አሥራ አራት ገጽ ነበር፤ እሱም በእንግሊዝኛ። እሷ ሰባት ጥያቄ አደረገችው፤ በእጇ ጽፋ ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፈችና «ሰባት ቤት» ብላ ስም አወጣችለት። ልጅ ሊጠየቅ ሽማግሌ ሲመጣ፣ እሺ ከመባሉ በፊት ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለም? እንደዚያ ነው። ይህን ፕሮግራም ማን ወለደው? የት ያድራል? ከተማሪው ምን ምን ይጠይቃል? የነገሩትን ለማን ያወራል? አሮጌ ስልክ ላይ ይሄዳል ወይ? ዓይኑ የማያይ ተማሪስ ይጠቀምበታል? ሰባተኛው፣ እሷ አብልጣ የምትወደው፣ የተፋታን ዕለት ምን ይዞ ይሄዳል?

በሁለት ዓመት አሥራ አንዱን ከበር መልሳለች። አንዱንማ ላዩ የሒሳብ ትምህርት፣ ታቹ የቁማር ማስታወቂያ ሆኖ ነው የያዘችው። መምህራኑ በፊቷ «ወይንዬ» ይሏታል። ዞር ስትል «ኬላ» ነው ስሟ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። አስናቀው ይባላል። ያመጣው ፕሮግራም ደግሞ «አጥኚ» ይባላል። ተማሪውን ይጠይቀዋል፣ የሳተውን ያስረዳዋል፣ የደከመበትን ምዕራፍ ለይቶ ይነግረዋል። ነገሩ ጥሩ ነው፣ ማን ይክዳል። የኮሌጁ ዲን አቶ አካለ ወልድ ገና ሲያዩት ልባቸው ሄደ። ለሰኔው ምረቃ ከባሕር ዳር ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ በእንግዶቹ ፊት ስክሪኑን አስከፍተው «ይኸው የኛ ኮሌጅ!» ሊሉ ቆርጠዋል።

አስናቀው ወይንእሸት ቢሮ ሲገባ ሳይቀመጥ ነው የጀመረ።

«ወይኒ! ስለ አንቺ ብዙ ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

«ከሁሉም።»

«ሁሉም ማን ማን ነው?»

ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወንበር ስቦ ጠጋ አለ። «እኔም እኮ የናንተው ነኝ። አያቴ የጉንደ ወይን ሰው ናት።»

«እሰይ! ማን ትባላለች? የማን ልጅ ናት?»

«እ... እኛ ‹እማማ› ነው የምንላት።»

እማማ! የአያቱን ስም የማያውቅ የጎጃም ልጅ አይታችኋል? ወይንእሸት በልቧ አንደኛውን ቤት ሰረዘችበት።

«እሺ፣ ፕሮግራማችሁ የት ያድራል?»

«ክላውድ ላይ።»

«ክላውዱ የት ነው ያለው?»

«ደመና ነው እኮ እህቴ! ደመና የት ነው ይባላል?»

«ደመናማ ሁልጊዜ የሆነ አገር ላይ ነው የሚቆመው። የማን አገር ላይ ነው?»

ሰውዬው ላቡን ጠረገ። ኮምፒውተሩ የት እንደሆነ ለአለቆቹ ደውሎ እንደሚጠይቅ ነገራት። የተማሪዎቹን ነገር ለሌላ ታወራላችሁ ወይ ስትለው «ለማንም! ለማንም! ለማንም!» አለ። ሦስት ጊዜ ማለቱን አልወደደችውም። የማያወራ ሰው አንዴ ከተናገረ ይበቃዋል።

በማግስቱ ዲኑ አስጠሯት።

«ወይንእሸት፣ ኮንትራትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሰኔ ሠላሳ ነው፣ ጋሼ።»

«አዎ... ሰኔ ሠላሳ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «የአጥኚን ወረቀት ሰኞ ፈርመሽ ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። ምን ይጨምሩ? ስትወጣ ደግሞ ጸሐፊያቸው እትዬ ታንጉት በሩን ገርበብ አድርጋ በጆሮዋ «የእህታቸው ልጅ ዘንድሮ በኮምፒውተር ይመረቃል፣ አልሰማሽም?» አለቻት። ሴትዮዋ ለደግ ትንገራት፣ ስትደነግጥ ለማየት ትንገራት፣ እሱን እግዜር ይወቀው።

ወይንእሸት ይህን ሥራ ካጣች ሌላ ሞጣ ውስጥ የለም። የሚቀራት አዲስ አበባ ነው። ይርጋነሽ ደግሞ ዓይኗ እየደከመ መጥቷል፤ መርፌ ክር ማስገባት ከተወች ቆይታለች፣ መንገድ ላይ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ቢቸና ብቅ እያለች የምታያት ሞጣ ስላለች ነው። አዲስ አበባ ከሄደች በዓመት በዓል መሆኑ ነው። ስለዚህ ወይንእሸት «ጥሩ ከሆነ እፈርማለሁ፣ ለምን አልፈርም» ብላ ማክሰኞ ከሰዓት ልክ እንደ አንድ ተማሪ ሆና አጥኚን ከፈተችው።

የመጀመሪያው ገጽ ሙዪኝ ይላል። «የክርስትና ስም።» ከሥሩ «የእናት ስም።» ከሥሩ የትውልድ ቀን። ከሥሩ ስልክ።

እጇ ቀጥ አለ።

ቢቸና ያደገ ሰው፣ የክርስትና ስምንና የእናትን ስም አንድ ላይ የሚጠይቅ ማን እንደሆነ ያውቃል። ቄሱ ይጠይቃል፣ ለጸሎት፤ እሱ ይሁን። ሌላው ያ መጽሐፍ ገልጦ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ኮከብ የሚያየው ነው። ሰው ላይ መተት ሊያሠራ የሄደ ሁሉ መጀመሪያ «የክርስትና ስሙ ማነው? የእናቱስ?» ነው የሚባለው። ለዚህ አይደል እንዴ ሰው የክርስትና ስሙን እንደ ሳጥን ቁልፍ የሚደብቀው። ይርጋነሽ የባሏን የክርስትና ስም የሰማችው ለፍትሐት ሲጠራ ነው ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው!

ወይንእሸት የተማረች ናት፤ መተት አታምንም። አላምንም ነው የምትለው። እጇ ግን ሳታዘው አንገቷ ላይ ወዳለው ማተብ ሄዷል። «ለጥናት የክርስትና ስም ምን ይሠራለታል?» አለች፣ ብቻዋን። «የእናቴስ ስም?» ባዶውን ትታ ልትገባ ሞከረች፤ አላሳልፍ አላት።

ታዲያ ምን አደረገች? ቢቸና ያደገ ሰው የሚያደርገውን። ዋሸች። የክርስትና ስም በሚለው «ወለተ ገብርኤል» ብላ ሞላች። የእሷ አይደለም፣ የእህቷ አይደለም፣ ከዘመድም ማንም በዚህ ስም አልተነሣም። የእናት ስም ላይ ስትደርስ ትንሽ አሰበች። የይርጋነሽን ስም ለዚያ ሽቷም ትሰጣለች? እናቷ ደጅ የታሰረችው ላም ትዝ አለቻት፤ «ዳልቻ» ብላ ጻፈች። ስልኩን ግን የራሷን ሰጠች፤ የሚስጥር ቁጥር በስልክ ነው የሚልከው፣ ማምለጫ የለውም።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። ዲኑ፣ መምህራኑ፣ አስናቀው፣ ሁሉም አሉ። ወይንእሸት ተነሥታ «የክርስትና ስም ለምን ይጠይቃል?» አለች።

ከኋላ መምህር ሰይድ እጁን አወጣ። ሰይድ ከደሴ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ሳቂታ ሰው። «እኔም ትናንት ከፍቼው ልጠይቅ ነበር» አለ። «እኔን ምን ሙላ ሊለኝ ነው? ለኔ የሚሆን ሳጥን ረስታችኋል።»

ሳቁ ፈነዳ። ሰይድ ራሱ ስልኩን አውጥቶ የፎርሙን እንግሊዝኛ አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ኧረ ነገሩ የትርጉም ነው። ፈረንጅ ‹የክርስትና ስም› ሲል የራስህን መጠሪያ ማለቱ ነው፤ ሰይድ፣ ወይንእሸት፣ በቃ። አንዱ ሰነፍ ቃሉን እንዳለ ገልብጦት ነው።»

በቃ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «ኬላዋ መተት ፈርታ ነው ለካ!» አለ አንዱ። ዲኑማ እንባቸውን እየጠረጉ «ዲግሪ ይዘሽ፣ ወይንእሸት? እኔ ራሴ የመጀመሪያው ሰው ሆኜ ተመዝግቤበታለሁ! የክርስትና ስሜን፣ የእናቴን ስም፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር! ይኸው፣ አልታመምኩ!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

«እናስተካክለዋለን፣ ወይኒ» አላት አስናቀው፣ በለሰለሰ ድምፅ። እውነትም ዓርብ ጠዋት ስትከፍተው «ስም» ብቻ ሆኗል። የእናት ስም ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ደውላ ብትጠይቀው «ለደኅንነት ነው» አላት። የማን ደኅንነት እንደሆነ ሳይነግራት ዘጋው።

ቅዳሜ ቢቸና ወረደች። ይርጋነሽ እግሯን ሰምታ ብቻ «ምን ሆነሻል?» አለቻት። ወይንእሸት ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳቁን፣ ዲኑን፣ ሰኔ ሠላሳን። ይርጋነሽ መተቱ ላይ ፈገግ አላለችም። ላሟ ላይ ስትደርስ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ዳልቻን እናቴ አልሻት? እሷስ ከኔ ይልቅ ታጠባለች፣ አልበደልሻትም!»

«እማ፣ የምሬን ነው። ሰኞ ፈርሚ ብለውኛል። ካልፈረምኩ አዲስ አበባ መሄዴ ነው።»

ይርጋነሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አጥሯ ከቅኔ ቤቱ አጥር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የቆሎ ተማሪ አንዱን ቃል ሁለት ፊት ሲያወጣለት ስትሰማ ነው የኖረች። «ስሙን ማን አልሽኝ?» አለች።

«አጥኚ።»

«አጥኚ... ማን ማንን ነው የሚያጠናው? ልጁ እሱን ነው ወይስ እሱ ልጁን?»



ሰኞ ጠዋት ዲኑ ቢሮ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከጎኑ እስክሪብቶ። አስናቀው እግሩን አነባብሮ ይወዘውዛል። ዲኑ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ምን ቀረሽ?» አሏት።

«የእናት ስም ለምን እንደሆነ አልተመለሰልኝም፣ ጋሼ። የነገሩትን ለማን እንደሚያወራም በወረቀት አልተሰጠኝም።»

«ለማንም አልኩሽ እኮ!» አለ አስናቀው።

«ወይንእሸት» አሉ ዲኑ፤ ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «ሁለት ነገር ነው ያለሽ። ወይ ትፈርሚያለሽ፣ ወይ ሰኔ ሠላሳ እጅ ነሥተሽ ትሄጃለሽ።»

እናቷ መንገድ ላይ ሰው በድምፅ ስትለይ ታየቻት። እስክሪብቶውን አነሣች። ክዳኑን እየነቀለች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«አንሺውና ገላግይን» አሉ ዲኑ።

የወይንእሸት ስልክ ጆሮ ላይ አይሰማም፤ ከወደቀ ወዲህ የሚሠራው በስፒከር ብቻ ነው። ስታነሣው ድምፁ ቢሮውን ሞላው፤ የጮሌ ሴት ድምፅ።

«ሄሎ! ወለተ ገብርኤል ነሽ?»

ወይንእሸት እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ማን ልበል?»

«ለተማሪዎች የውጭ አገር የትምህርት ዕድል የምናመቻች ነን። የሞጣ ተማሪ መሆንሽን አይተን ነው የደወልነው። የወይዘሮ ዳልቻ ልጅ ነሽ አይደል?»

አስናቀው የሚወዘውዘው እግሩ ቆመ።

«ነኝ» አለች ወይንእሸት። «እናቴን ታውቋታላችሁ እንዴ?»

«እንዴታ! ወይዘሮ ዳልቻ ደኅና ናቸው?»

«እግዜር ይመስገን። ባለፈው ሳምንት ጥጃ ወለዱ።»

«...እ?»

«ወንድ ነው። እህቴ፣ የኔንና የእናቴን ስም ማን ሰጣችሁ?»

ስልኩ ተዘጋ።

አስናቀው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ... ይሄ ከኛ አይደለም። ምናልባት ከኮሌጁ መዝገብ...»

«ኮሌጁ መዝገብ ላይ ወለተ ገብርኤል የምትባል የለችም» አለች ወይንእሸት። «ሞጣም ቢቸናም የለችም። ይቺን ልጅ የወለድኳት ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት፣ እናንተ ፎርም ላይ ነው። ከኔ፣ ከእናቴና ከእናንተ በቀር የሚያውቃት የለም። ዳልቻም የእናቴ ላም ናት።»

ዲኑ እንደሚቆጡ ነበር የጠበቀችው። አልተቆጡም። ፊታቸው እንደ አመድ ሆኖ ክራቫታቸውን ያላላሉ። ለካስ ዓርብ ዕለት እሳቸውንም አንድ የማያውቁት ሰው በክርስትና ስማቸው ጠርቶ ደውሎላቸው ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ መስለዋቸው ብድግ ብለው «አቤት አባቴ፣ ይባርኩኝ!» ብለዋል፤ ሰውዬው ደንግጦ ዘጋባቸው። ይህን ሁሉ እትዬ ታንጉት ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታለች፤ እሷ የሰማችው ነገር ደግሞ ሞጣ ውስጥ አያድርም።

«አስናቀው» አሉ ዲኑ፣ ቀስ ብለው። «የኔ ስም... የእናቴም ስም... አሁን የት ነው ያለው?»

«ክላውድ ላይ ነው፣ ጋሽ አካለ ወልድ። ምንም አይሆንም።»

«የማን አገር ላይ?!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት።

ሐሙስ ዕለት መተት ሲባል ደረታቸውን የመቱት ሰውዬ፣ ያን ሳምንት ሦስት ቀን ጸበል ተመላልሰዋል። ለጉንፋን ነው አሉ።

አጥኚ አልተለጠፈም። ሊሞክሩት የተመዘገቡት አሥራ ሁለት ተማሪዎች ሲጠየቁ፣ ዘጠኙ ለካ እንደ ወይንእሸት የሐሰት ስም ነው የሞሉ፤ አንዱ የእናት ስም ላይ የዲኑን ሚስት ስም ጽፎ ተገኘ። አስናቀው የሁሉንም መዝገብ እንደሚያጠፋ ፈርሞ ሄደ። ወይንእሸት ፊርማውን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። ያምር ነበር፣ በጣም ያምር ነበር፤ እሱንም አልወደደችውም።

ሰኔ ሃያ ስምንት ዲኑ አስጠሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉ። «ያ ነገር...» አሉ። «ስሜን ከዚያ ላይ አስጠፍቶ፣ መጥፋቱን አረጋግጦ የሚነግረኝ ሰው ይኖራል?»

«መጻጻፍ ያስፈልጋል፣ ጋሼ። ሰዎቹን መከታተል ነው። ጊዜ ይፈጃል።»

«ስንት?»

ወይንእሸት ጣሪያውን አየች። «ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም።»

ዲኑ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ፤ የዓመት ኮንትራት። ተጽፎ፣ ማኅተም ሁሉ ተመትቶበት ነበር የቆየው። ቀድሞውኑ ለእሷ ተጽፎ ነው ወይስ ለእህታቸው ልጅ ተጽፎ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው? ስሟ ያለበት መስመር ከሌላው ትንሽ ደመቅ ይላል። እዚያው አልፈረመችም። «አንብቤ አመጣዋለሁ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ቢቸና፣ ወይንእሸት በእናቷ ደጅ ተቀምጣ ሰባት ጊዜ አነበበችው። ሰባተኛው ላይ ፈረመች። ይርጋነሽ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲፍቅ ሰማች፤ ትንፋሿን ለቀቀችና ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

«ለመሆኑ የዲናችሁ የክርስትና ስም ማን ይባላል?»

ወይንእሸት ወረቀቱን አጠፈች። እናቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ለምን?»

«ምነው ልጄ! ለጸሎት ነው እንጂ።»